አንድ ምድጃ፣ ሁለት በራድ

ወደዚያ መንደር የተላክኩት፣ ሰው አልጠጣም ያለውን ውሃ እንዲጠጣ ለማግባባት ነበር።

መንደሩ ከባቱ አልፎ ወደ አዳሚ ቱሉ ሲኬድ፣ ከአስፋልቱ ወርዶ በጋሪ የሚገባበት ነው። የምሠራበት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የልማት ድርጅት ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። ያኔ እኔ ገና አልተቀጠርኩም፤ የምረቃውን ፎቶ ግን አዳማ ባለው ቢሯችን ግድግዳ ላይ ሁልጊዜ አየው ነበር። ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ይመርቃሉ፣ ከውጭ የመጡት እንግዶች ፊታቸው በፀሐይ ቀልቶ ይስቃሉ። ውሃው ሲጠጣ ከቆየ በኋላ ነው ናሙናው እንደገና ተመርምሮ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ሆኖ የተገኘው። ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፣ በምላስም አይታወቅም። የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፤ ዕድሜውን ሙሉ የጠጣው ሰው ደግሞ አጥንቱ ውስጥ እየገባ ወገቡንና ጉልበቱን ያደርቀዋል። በእኛ ስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድሩ ውሃ ብዙ ቦታ እንዲህ ነው። የመንደሩ ሰዎች ከዚያ በፊት ይጠጡት የነበረው የእጅ ጉድጓድም ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ስለዚህ ድርጅቱ ከጉድጓዱ አጠገብ ማጣሪያ አሠራ። ውሃው በአንድ ትልቅ ታንከር ውስጥ ያልፋል፤ ታንከሩ የተሞላው ተቃጥሎ ከሰል በሆነ፣ ከዚያም በተፈጨ የከብት አጥንት ነው። ፍሎራይዱን አጥንቱ ይዞ ያስቀረዋል። ሁለት ቧንቧ ተተከለ፤ ሰማያዊ የተቀባው ለመጠጥ፣ ሌላው ያልተጣራው ለልብስና ለከብት። ታንከሩ ውስጥ ያለው አጥንት መሆኑ በተሰማበት ሳምንት ከሰማያዊው የሚቀዳ ሰው ጠፋ።

ምክንያቱን ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። መንደሩ አብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ጥቂት ኦርቶዶክሶችም አሉ። ሙስሊሙ «ማን ያረደው አጥንት ነው?» አለ። ክርስቲያኑም ያንኑ ጠየቀና «ደግሞስ በጾም እንዴት ሊሆን ነው?» ብሎ ጨመረበት።

አስተባባሪያችን ቢሮው አስጠራኝ። ሲጸልይ ድምፁ የሚያምር፣ ሥራ የሚወድ ሰው ነው።

«እህቴ፣ ለዚህ ነገር ካንቺ የተሻለ ሰው የለንም» አለኝ። «ኦሮምኛውን ትችያለሽ። እዚያ ለመሰንበትም... ማለቴ...» ብሎ አቆመ። ባልም ልጅም የለሽም ሊል ነበር። «ደግሞ አንቺ ራስሽ ምስክር ነሽ» ብሎ አፌን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

ያደግኩት ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር፣ እንዲሁ ባለ ውሃ ነው። ጥርሴ ቡናማ ነው፤ የፊተኞቹ ተቦርቡረዋል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳቄ ሲመጣ እጄ ቀድሞ አፌ ላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ኮሌጅ ስገባ አንድ ዶርም የነበረች ልጅ «መፋቂያ ልስጥሽ?» ብላኛለች፤ ክፋት አልነበራትም። በኋላ አንድ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ካሰበ በኋላ እህቱ መጥታ አየችኝና ነገሩ ዝም ተባለ። ለምን እንደቀረ አልጠየቅኩትም። በጥርሴ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝም አልመጣም። ከእናቴ ጋር ሁለት ሆነን እንኖር ነበር። አስተባባሪው በጠራኝ ዓመት እናቴ አርፋ፣ ከሥራ ስመለስ በሩን የምከፍተው እኔው ሆኜ ነበር። እሺ አልኩ።

መንደሩ ውስጥ ክፍል ያከራዩኝ ወላጆቻቸው ከወሎ መጥተው እዚያው የቀሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። መንገድ ዳር ሻይና ፓስቲ ይሸጣሉ። ወገባቸው አይታጠፍም ነበር፤ የወደቀ ነገር ማንሳት ሲፈልጉ ግድግዳ ይዘው በጉልበታቸው ይወርዳሉ። ምን እንደሆነ ሳይ ገባኝ፤ ገና በመጣሁበት ቀን ግን እንዴት ብዬ ልናገር?

የመጀመሪያው ቀን ማታ ጓዜን ሳልፈታ ሻይ ቀዱልኝ።

«ጠጪ እንጂ ልጄ፤ መንገድ ያደክማል።»

«ይቅርታ እማማ፣ ውሃው ከየትኛው ቧንቧ ነው?»

በራዱን ምድጃው ላይ መለሱት። «ከጉድጓዱ ነዋ። እናንተው ከቆፈራችሁልን።»

«ለመጠጥ ሰማያዊው ይሻላል ብለን...»

«የአጥንት ውሃ እኔ አፌ አላስገባም። አንቺስ? የኔን ሻይ አትጠጪም?»

ብጠጣ ጠዋት ሴቶቹን ምን ልላቸው ነው? «አልጠጣም እማማ» አልኩ፤ ድምፄ ካሰብኩት በላይ ደረቀብኝ።

«ይሁን» አሉና ብርጭቆውን አንስተው ለራሳቸው ጠጡት።

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሰማያዊው ቧንቧ አጠገብ እቀመጥ ነበር። ሴቶች ቢጫ ጄሪካን በአህያ ጭነው ይመጣሉ። «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ እንዴት አደርሽ ነው፤ ጤናዬን፣ ዘመዶቼን፣ አዳማን ሁሉ ይጠይቁኛል። ሰላምታ የሚያጓድል ሰው አልነበረም። ከሰላምታው በኋላ ፊታቸውን ወደ ሌላው ቧንቧ ያዞራሉ። ያዘጋጀሁትን እናገራለሁ፤ አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ይሰሙኛል፤ ከዚያም «ገባን፣ እግዜር ይስጥሽ» ብለው ያልተጣራውን ሞልተው ይሄዳሉ። ከሰማያዊው የምቀዳው እኔ ብቻ ነበርኩ። ያ ሁሉ ታንከር ለእኔ ለአንዲቷ ውሃ ያጣራ ነበር።

እሑድ ይከብዳል። የእኔ እምነት ሰው በመንደሩ አልነበረም። አዳማ ብሆን ጉባኤው ውስጥ ሰው ከሰው ተጣብቆ የሚቀመጥበት ሰዓት ነው። በሬን ዘግቼ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ለሰው በማይሰማ ድምፅ እዘምራለሁ። አንድ እሑድ ስወጣ አከራዬ ደጃፉ ላይ ፓስቲ ይጠብሳሉ።

«አብረውሽ የሚዘምሩ የሉም?» አሉኝ።

«እዚህ የሉም።»

«እኔም ድሮ መንዙማ የሚሉ እህቶች ነበሩኝ» አሉና ዘይቱ ውስጥ ያለውን ፓስቲ ገለበጡት። ከዚያ ቀን በኋላ እሑድ ጠዋት ከጓሮ ያለውን ሬድዮ ይዘጉልኝ ጀመር።

ከባቱ ገበያ በተመለሱበት አንድ ቀን አመሻሹ ላይ በሬን አንኳኩ። በእጃቸው አዲስ አረንጓዴ በራድ ይዘዋል።

«እንቺ። ካንቺው ውሃ ሙዪበትና ነይ። የኔን ግን እንዳትነኪብኝ።»

በራዴን ይዤ ሄድኩ። ምድጃው ላይ የእሳቸውን ጥቁር በራድ ገፋ አድርገው ለእኔ ቦታ ሰጡኝ። ሻይ ቅጠሉን ከአንድ ጣሳ፣ ቅርንፉዱን ከአንድ ብልቃጥ ጨመሩልን። ሁለቱ በራዶች ጎን ለጎን ፈሉ፤ እሳቸው ከእሳቸው ቀዱ፣ እኔ ከእኔ።

«እንዴት ነው ያንቺ? ይጣፍጣል?» አሉኝ።

«ይጣፍጣል። የእርስዎስ?»

«የኔማ ጥንትም ይጣፍጣል። ያንቺን እንዳልቀምሰው፣ አጥንት! አንቺም የኔን እንዳትቀምሺ፣ መርዝ! ወላሂ ጉድ ነን እኮ!»

ሳቄ መጣ፤ እጄም አፌ ላይ ደረሰ።

«ምን አፍሽን ትጋርጃለሽ? ደግሞ እዚህ አገር?» አሉ፤ እሳቸውም ሲስቁ ጥርሳቸው እንደ እኔው ነበር። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ ከመጣሁ ጀምሮ አፌን ዞር ብሎ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ቧንቧው ላይ የምትጋፋው ኮረዳም፣ ሁሉም ጥርሱ የእኔ ዓይነት ነው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እንዲህ እናሳልፍ ነበር። ስለ ባላቸው ይነግሩኛል፤ ስለ እናቴ እነግራቸዋለሁ። ስለ ውሃው አናነሣም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ስብሰባ የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው። አስተባባሪው ከአዳማ በመኪና መጣ። ከግራሩ ሥር ሼሁ፣ የኦርቶዶክሱ ቄስ፣ ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰበሰቡ፤ አከራዬም መቀመጥ ስለሚከብዳቸው ከኋላ ቆመዋል። አስተባባሪው ስለ ጤና ረጅም ንግግር አደረገ፤ እኔ ወደ ኦሮምኛ መለስኩ። ሲያበቃ ሼሁ በአማርኛ ጠየቁ።

«ሁሉም መልካም። አጥንቱን ግን ማን ነው ያረደው?»

«በሕጉ መሠረት የታረደ ነው» አለ አስተባባሪው።

«በማን ሕግ?»

ሰው ሳቀ። ቄሱም ሳቁ። አስተባባሪው ወደ እኔ ዞረና «አስረጂያቸው» አለኝ። በዓይኑ የሚለምነኝን አውቄዋለሁ፤ የሚያረጋጋ ነገር እንድል ነው። እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።

«ከከተማ ከየቄራው የተሰበሰበ ነው» አልኩ። «የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ተቀላቅሏል። የማን የቱ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ፊቴ ጋለ። በዚያው ከልቤ ሳልመክር አፌን ገልጬ፣ በጣቴ እያሳየሁ፣ «ልጆቻችሁ እንደኔ እንዳይሆኑ ነው! ይኸው እዩት!» አልኩ በኦሮምኛ። በሕይወቴ እንዲያ አድርጌ አላውቅም።

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። እኔ እዝነት ጠብቄ ነበር።

«እኔ እኮ የከተማ ልጅ መስላኝ ነበር» አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው። «ለካ የኛው ልጅ ነች!»

ሰዉ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሴቶቹ እያጨበጨቡ «ነሽ፣ የኛ ነሽ!» አሉኝ። መስቀል ላይ እንደሚወጣ ሰው ሆኜ የተነሣሁበትን ነገር ወገን ማግኛ አደረጉት። ልስቅ ወይም ላለቅስ እንደሆነ ሳላውቀው ቆሜ ቀረሁ።

ሼሁ እጃቸውን አንሥተው ጸጥ አሰኙ። «እውነቱን ስለነገርሽን እናመሰግንሻለን። እኛም ከእኛ የበለጠ የሚያውቁ አሉ፤ እንጠይቃለን» አሉ። ቄሱም «እኛም እንዲሁ» አሉ። በዚያው ተበተነ።

አስተባባሪው መኪናው ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ሥራውን ገደልሽው» አለኝ። አልተቆጣም፤ አዝኖ ነው። አቧራው እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ምንም የሆነ ነገር አልነበረም። ሳምንታት አለፉ። ሴቶቹ አሁን ሲያዩኝ ይበልጥ ይስቁልኛል፤ የሚቀዱት ግን ከዚያው ነው። ከቢሮ የሚደውልልኝ ቀነሰ። አንዳንድ ቀን ቧንቧው አጠገብ ተቀምጬ ባቱ ካለው ሐይቅ በኩል የሚመጣውን ንፋስ ስሰማ እውላለሁ፤ ማንም ሳይልከኝ በራሴ የመጣሁ ያህል ይሰማኝ ነበር።

ነገሩን የለወጠው የአከራዬ ልጅ መምጣት ነው። ባቱ አበባ እርሻ ትሠራለች፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እናቷ መጣች። በመጣችበት ማታ ሻይ ቀዱላት። ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ ወደ እኔ በራድ አየችና ጠየቀች።

«እማዬ፣ ለምንድነው ሁለት?»

እናትየዋ የልጃቸውን ሆድ አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። «ሕፃን ላይ ይጀምራል ነው የምትሉት?» አሉኝ። ስለ ውሃው ራሳቸው ሲያነሡ የመጀመሪያቸው ነበር።

«አዎ እማማ፤ ጥርሳቸው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። እያደጉ ሲሄዱ ደግሞ ወገብ።»

«ወገብ» አሉ። እጃቸው ወደ ወገባቸው ሄደ። «የኔ እርጅና ነው ብዬ እኮ ነው የኖርኩት።»

በማግስቱ ያቺን የማትታጠፍ ወገባቸውን ይዘው፣ በጋሪ ሳይሆን በእግራቸው፣ ሼሁ ቤት ሄዱ። ሼሁ ለካ ባቱ ካሉ ትልቅ አሊም ጠይቀው መልሱን አግኝተዋል፤ የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ ነበር። እሳት አጥንቱን ለውጦታል፣ ሥጋም አጥንትም መሆኑ ቀርቷል፤ ልቡ የፈቀደ ይጠጣ፣ ልቡ ያልፈቀደ ይተወው፣ ተብለዋል።

በሚቀጥለው ጠዋት ቧንቧው ሰው ሞልቶት ሳለ ጄሪካን ይዘው መጡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሰማያዊው ሄደው ከፈቱት። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ጄሪካኑ እስኪሞላ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ማንሣት ግን አይችሉም። ተነሥቼ አነሣሁላቸው። ጆሮዬ አጠገብ «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ሌሎች አንድ አንድ እያሉ መጡ። መጀመሪያ እርጉዞች፣ ቀጥሎ ትንንሽ ልጆች ያሏቸው። ቄሱም ክርስቲያኖቹን «የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ» አሏቸው፤ አንዳንዱ ፈቃድ አገኘ፣ አንዳንዱ አላገኘም። የመንደሩ ግማሽ ያህሉ ይጠጣ ነበር፤ ሌላው ግማሽ እስከ መጨረሻው እንቢ እንዳለ ቀረ። እኒያ ሽማግሌ ራሳቸው፣ «የኛው ልጅ ነች» ያሉት፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሱትም።

ልጅቷ ሴት ልጅ ወለደች። አራስ ቤት ሰው አይጠፋም፤ ቤቱ በጎረቤት ተሞላ፤ ማታ ማታ ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጣደ፤ ሴቶቹ በኦሮምኛ ይጫወታሉ፣ ይቀልዳሉ። ቦታ አልነፈጉኝም። «ግቢ፣ ተቀመጪ» እባላለሁ፤ እቀመጣለሁ። ሁሉም የሚያወራው እኔ ስላልነበርኩበት ዘመን፣ ስላላየሁት ሰርግ፣ ስላልቀበርኩት ሰው ነበር። ትንሽ ቆይቼ ወደ ክፍሌ እሄዳለሁ። የመጣሁበት ሥራ በተሳካበት ወር ነው ከሁሉ የበለጠ ብቻዬን የሆንኩት። ብዙም ሳይቆይ አስተባባሪው ደወለ፤ ድምፁ ደስ ብሎታል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን! በይ አሁን ተመለሺ፣ ሌላ ሥራ አለ» አለኝ። በተነሣሁ ቀን አከራዬ ሕፃኗን እያጠቡ ስለነበር እጃቸው በውሃ ርሶ፣ በክንዳቸው ነው ያቀፉኝ።

ከዓመት በላይ ካለፈ በኋላ እሳቸው ወደ እኔ መጡ። ወገባቸው ብሶባቸው አዳማ ሐኪም ቤት ሊታዩ ነው። መናኸሪያ ተቀብዬ በባጃጅ ቤቴ አመጣኋቸው። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ በብርሃን አይቶ፣ የደረቀው አጥንት እንደማይመለስ ነገራቸው፤ የሕመም ማስታገሻ ጻፈላቸው። «የኔስ አለፈ፤ የልጅ ልጄ ትዳን» አሉ።

እኔ ጋ ሰነበቱ። የእናቴን አልጋ ሰጠኋቸው። የሥጋን ነገር ሳንጠያየቅ ተውነው፤ ሽሮና ምስር ከአንድ ትሪ በላን። ጎህ ሲቀድ ከእናቴ ክፍል ሰው ሲያስነጥስ፣ ውሃ ሲያንሿሿ፣ ቀስ ብሎ ዱዓ ሲያደርግ እሰማለሁ። የምነሣበት ሰዓት ሳይደርስ ነቅቼ እሰማው ነበር፤ እንዳይቋረጥ አልንቀሳቀስም።

የመንደሩንም ወሬ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ታንከሩ ውስጥ ያለው አጥንት ጉልበቱ ደክሟል፣ መለወጥ አለበት ተብሏል። «የአረፋውን አጥንት እየሰበሰብን ነው፤ በራሳችን የታረደውን» አሉኝ። «ክርስቲያኖቹም የፋሲካቸውን ለብቻ ከምረዋል።»

«አንድ ታንከር ውስጥ እንዴት ሊሆን ነው?»

«ምን አንድ ታንከር! ሁለት ይሠራልን ብለው ለመሥሪያ ቤትሽ ማመልከቻ አስገብተዋል» አሉ። ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ ሳቁ፤ እኔም እስኪያመኝ ሳቅኩ።

በሄዱ ቀን መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሬያቸው መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። «ባቱ! ባቱ! የሞላ!» እያለ ረዳቱ ይጮኻል። እሳቸው በመስኮቱ እጄን ያዙኝ።

«ያን ክፍል ሰው አስገቢበት» አሉኝ። «ተማሪም ይሁን፣ ማንም ይሁን። ሰው የማይተነፍስበት ቤት ጥሩ አይደለም፤ ላንቺም ጥሩ አይደለም።»

«እሺ እማማ።»

«እሺ አትበይኝ፣ አድርጊው።»

ሚኒባሱ ወጣ። አመሻሽ ላይ «ገባሁ፣ ደህና ነኝ» ብለው ደወሉ። የተኙበትን አንሶላ ከአልጋው ያነሣሁት ከሳምንት በኋላ ነው። የሰፈሩን ባለ ሱቅ «ክፍል የምትፈልግ ሴት ተማሪ ካገኘህ ንገረኝ» ብዬዋለሁ፤ አንዲት ልጅ መጥታ አየች፣ ወደደችው፤ እኔ ግን ነገ እነግርሻለሁ ብዬ መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ከጉባኤ ስመለስ፣ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ለእሳቸው ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው የልጅ ልጃቸው ነች። አሁን አፍ መፍታት ጀምራለች። «ሄሎ» አልኳት፤ ተነፈሰችብኝ፤ አማርኛም ኦሮምኛም ያልሆነ ረጅም ነገር አወራችልኝ። እየቆየሁ «እሺ» እና «ከዚያስ?» እላታለሁ። ከኋላ የዶሮና የሰሃን ድምፅ፣ የሴቶች ሳቅ ይሰማል። ስትጨርስ ዘጋችው። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፤ ከዚያ ቁልፌን አውጥቼ በሩን እኔው ከፈትኩ።